በየቀኑ 4 ሰዓት ላይ የሚቆመው ሲስተም

ጥያቄው የመጣው ከሐረር ነው። ጠያቂው በአንድ መድኃኒት አከፋፋይ ቤት የሽያጩን ሲስተም ብቻውን የሚያንቀሳቅስ ልጅ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ሲስተሙ የተሠራው በዶትኔት ኮር 3.1 (የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ) ነው። ዳታቤዙ ኤስኪውኤል ሰርቨር ነው፣ ኩዌሪዎቹ (ለዳታቤዙ የሚቀርቡት ጥያቄዎች) የሚላኩት ዳፐር በሚባል መሣሪያ ነው። ሰርቨሩ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ዋናው ቢሮ ውስጥ ነው ያለው። እኛ ከሐረር በኢንተርኔት እንገባለን። ጠዋት 2 ሰዓት ስንከፍት በደንብ ይሮጣል። 4 ሰዓት አካባቢ ደንበኛ ሲበዛ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሎጉ ላይ ከፑሉ (የዳታቤዝ ኮኔክሽኖች ከሚቀመጡበት ክምችት) ኮኔክሽን ሳይገኝ ጊዜው አለቀ የሚል ኤረር ይደረደራል። ሲፒዩው ግን ከ10 በመቶ አያልፍም። ሪስታርት ሲደረግ ይነሳል፣ ትንሽ ቆይቶ ያው ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ የፑሉን ልክ ከ100 ወደ 1000 አሳድጎት ነበር። ለሁለት ሳምንት ተሻለው፣ ከዚያ ባሰበት። የባች ቁጥር (የመድኃኒቱ የምርት ዙር ቁጥር) የሚፈለግበት ኩዌሪም ቀርፋፋ ነው። አለቆቼ አዲስ ሰርቨር እንግዛ እያሉ ነው። የሽያጭ መመዝገቢያውንና የደንበኛ መፈለጊያውን ኮድ አያይዣለሁ።»

አቦ፣ መጀመሪያ የአዲስ ሰርቨሩን ሐሳብ አስቁማቸው። አዲሱም በመጣ ሳምንት 4 ሰዓት ላይ ልክ እንደ አሮጌው ይቆማል።

ደብዳቤህን አንብቤ ሳልጨርስ ጠርጥሬያለሁ። ዳታቤዝ ሥራ ሲበዛበት ሲፒዩው ይሞቃል፣ ዲስኩ ፋታ ያጣል። ያንተ ማሽን ግን ተኝቷል። የሜሞሪ ችግር ቢሆን ቀስ በቀስ እየተንቀራፈፈ ይሄድ ነበር። ኔትወርክ ቢሆን ጠዋት 2 ሰዓትም ባስቸገረህ ነበር። ሰው ሲበዛ ብቻ የሚነሳ፣ ማሽኑ ሳይደክም የሚያቆም፣ በሪስታርት የሚድን በሽታ ሲገጥመኝ አንድ ነገር ነው የምፈልገው። አሲንክ በሆነ ኮድ (መልስ እስኪመጣ ቆሞ በማይጠብቅ ኮድ) መሃል የተወሸቀ ዶት ሪዛልት፣ መልሱ እስኪመጣ ቆመህ ጠብቅ የምትል ቃል።

የላክልኝን ስከፍተው አገኘሁት። ሽያጭ የሚመዘግበው ሜተድ (የኮድ ክፍል) ኮኔክሽን ይከፍታል። የደንበኛውን ሒሳብ በኩዌሪአሲንክ ይጠይቃል፣ አዌይትም አለው። እስከዚህ ጥሩ ነው። ከዚያ ያ ኮኔክሽን ሳይዘጋ፣ ለእያንዳንዱ መድኃኒት ዋጋ የሚያመጣ ሌላ ሜተድ ይጠራል። የጥሪው መጨረሻ ላይ ዶት ሪዛልት አለች። ያኛው ሜተድ ደግሞ የራሱን ኮኔክሽን ይከፍታል። ስለዚህ አንድ ሽያጭ በአንድ ጊዜ ሁለት ኮኔክሽን ይይዛል፣ አንድ ስሬድም (ኮዱን የሚያስኬድ የሰርቨሩ ሠራተኛ) አስሮ ያስቀምጣል። 30 ዓይነት መድኃኒት ያለበት ደረሰኝ ይህን 30 ጊዜ ይደግመዋል።

ወደ ጥገናው ከመሄዴ በፊት ግን ሌላ ያየሁት ነገር አለ። የደንበኛ መፈለጊያው ላይ ሰው የጻፈውን ስም በመደመር ምልክት ከኩዌሪው ጽሑፍ ጋር ቀጥላችሁታል። ይህን አታድርግ። ሰው የጻፈውን ነገር ከኩዌሪ ጋር በጭራሽ አትቀጥል። በፓራሜትር ላክ፣ ከኩዌሪው ጽሑፍ ለይተህ። ዳፐር በአንድ ቃል ይቀበልሃል፣ ተጨማሪ ሥራ የለውም። የመድኃኒት ቤት ዳታ ነው፣ የሰው ሕመም የተጻፈበት ነው። በዚያ ሳጥን ውስጥ አንድ ክፉ ሰው የፈለገውን ትእዛዝ ጽፎ ሰርቨሩን ማስፈጸም ይችላል። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

አሁን ዶት ሪዛልት ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ላስረዳህ። ሰው ይህን ከገባው ሌላውን ራሱ ይደርስበታል። ስለዚህ ትንሽ ታገሰኝ።

ከዚራ አንድ የባጃጅ ፌርማታ አለ እንበል። አራት ባጃጅ ብቻ ናቸው። እነዚህ ስሬዶች ናቸው። ሰርቨርህ አራት ኮር ካለው ስሬድ ፑሉ (የስሬዶቹ ክምችት) ሳይቆጥብ የሚሰጥህ አራት ያህል ነው። ደንበኛው ከፊራ ገበያ ዕቃ ሊገዛ ይሄዳል። ከፊራ ሲደርስ የመጋዘን ቁልፍ ይወስዳል፣ ዕቃውን እስኪረከብ ቁልፉ እሱ ዘንድ ነው። ልኩ ካልተነካ ቁልፎቹ 100 ናቸው። እነዚህ ኮኔክሽኖች ናቸው።

አዌይት ማለት ባጃጁ ደንበኛውን አድርሶ ወደ ፌርማታው ሲመለስ ነው። ደንበኛው እቃው እስኪወጣለት ይጠብቃል፣ ባጃጁ ግን ሌላ ሰው ይጭናል። እቃው ሲዘጋጅ መጥቶ የሚያነሳው ማንኛውም ባዶ ባጃጅ ነው። የግድ የመጀመሪያው መሆን የለበትም። በዚህ ዓይነት አራት ባጃጅ መቶ ሰው ያመላልሳል። የሚነዳው ጊዜ ትንሽ ነው፣ የሚበዛው የመጠበቂያው ጊዜ ነው።

ዶት ሪዛልት ማለት ደንበኛው ሾፌሩን «እዚሁ ጠብቀኝ» ሲለው ነው። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ጥላ ስር ይቆማል። አንድ ሰው ብቻ እንዲህ ቢያደርግ ምንም አይደለም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሲስተምህ የሚሮጠው ለዚህ ነው። 4 ሰዓት ላይ ግን አራት ሰዎች አራቱንም ባጃጅ «ጠብቁን» አሏቸው።

አሁን እዚህ ላይ ልብ በል። የሚጠብቁት እቃ ከመጋዘን ወጥቶ ተቀምጧል። ዳታቤዙ ሥራውን ጨርሷል። ግን እቃውን ከመጋዘኑ በር እስከ ደንበኛው የሚያመጣው ሌላ ባጃጅ ነው። ከአዌይት በኋላ ያለችውን መስመር ለማስኬድ ስሬድ ያስፈልጋልና። ሁሉም ባጃጆች ደግሞ ያንኑ እቃ እየጠበቁ ቆመዋል። እቃው ባጃጅ ይጠብቃል፣ ባጃጁ እቃ ይጠብቃል። አንድም ሞተር አይሠራም። ሲፒዩህ 10 በመቶ ላይ የተኛው ለዚህ ነው።

በመሃል ፌርማታው ላይ ሰው ሲከማች ስሬድ ፑሉ አዲስ ባጃጅ ይጨምራል። ግን በስስት ነው፣ ባንተ ቨርዥን በሰከንድ አንድ ወይም ሁለት ቢጨምር ነው። አዲስ የመጣውም ገና ሲደርስ ሌላ «ጠብቀኝ» የሚል ሰው ይይዘዋል። ደንበኞቹ ሁሉ ደግሞ ቁልፍ እንደያዙ ናቸው። 100ው ቁልፍ ያልቃል። አዲስ የመጣው ሰው ቁልፍ ለማግኘት 15 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ዲፎልቱ እሱ ነው። ሳያገኝ ሲቀር ሎግህ ላይ ያ ኤረር ይጻፋል። እንግዲህ ኤረሩ የሚናገረው ስለ ቁልፍ ነው፣ የጎደለው ግን ባጃጅ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ሪስታርት ማለት ሁሉንም ባጃጅ ወደ ቤት ልኮ ፌርማታውን እንደገና መክፈት ነው። ለዚያ ነው የሚነሳው።

ከአንተ በፊት የነበረው ሰው ያደረገው ምን እንደሆነ አሁን ታየህ? ተጨማሪ 900 ቁልፍ አስቀረጸ። ባጃጅ በጠፋበት ከተማ ቁልፍ ማብዛት ሰው ማከማቸት ነው። ይህ በጣም ያናድደኛል። የኤረሩን የመጀመሪያ መስመር አንብቦ ቁጥር ከፍ ማድረግ ጥገና አይደለም። ሁለት ሳምንት የተሻለህ በሽታው ስለተደበቀ ነው። ጭራሽ አንዳንድ ቦታ ኩዌሪውን በታስክ ራን (ሥራውን ለሌላ ስሬድ በሚያቀብል ትእዛዝ) ጠቅልሎታል። ያ ደግሞ ከዚያው ከአራቱ ባጃጅ አንዱን ወስዶ ሌላኛውን እንዲጠብቅ ማድረግ ነው። ከአንድ ቪዲዮ ላይ ያየውን ለጥፎ የሄደ ይመስለኛል።

እኔም ይህን የተማርኩት በገንዘብ ነው። ከዓመታት በፊት እዚሁ ድሬ አንድ የትራንዚት ቢሮ ሲስተም ይዤ ነበር። ከጅቡቲ ጭነት በሚበዛበት ቀን ይቆም ነበር። ስዊቹን ቀየርን። ታይዋን ገበያ የተገዛ፣ ስም የሌለው ርካሽ ስዊች ስለነበር እሱን ረገምነው። ዩፒኤሱን ቀየርን። በግንቦት ሙቀት ማሽኑ ታፍኖ ይሆናል ብለን ኤሲ አስገባን። ከዚያ አንድ ማታ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ኮዱ ውስጥ ሪዛልት የሚል ቃል ፈለግኩ። አሥራ አንድ ቦታ ወጣ። ስዊቹ በእርግጥ ርካሽ ነበር፣ ግን ጥፋቱ የእሱ አልነበረም።

አንተም ከዚያ ጀምር። ፕሮጀክቱን በሙሉ ከፍተህ ሦስት ነገር ፈልግ። ዶት ሪዛልት፣ ዶት ዌይት፣ እና ጌትአዌይተር ከጌትሪዛልት ጋር። የሚወጡትን በወረቀት ጻፋቸው። ግምቴን በዓይንህ ማረጋገጥ ከፈለግህ ደግሞ ዶትኔት ካውንተርስ የሚባለውን መሣሪያ ሰርቨሩ ላይ ጫን። 4 ሰዓት ሲቃረብ የስሬድ ፑሉን የስሬድ ብዛትና የወረፋ ርዝመት እያየህ ተቀመጥ። ሲፒዩው ተኝቶ የስሬዱ ቁጥር አንድ አንድ እያለ ሲወጣና ወረፋው ሲረዝም ካየህ እሱ ነው። በዚያው ሰዓት ዳታቤዙ ላይ ኤስፒ ሁ 2ን (ማን ገብቶ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳይ ትእዛዝ) አስኪድ። ያንተ ሲስተም ኮኔክሽኖች አብዛኞቹ ተኝተው ትእዛዝ ሲጠብቁ ታገኛቸዋለህ። የሚሠራ ኩዌሪ ከሌለ ዳታቤዙን ተወው፣ ንጹሕ ነው።

ጥገናው አሰልቺ ነው እንጂ ከባድ አይደለም። አሲንክ ከታች እስከ ላይ አንድ መሆን አለበት። ዳታቤዙን የሚነካው ሜተድ አሲንክ ከሆነ እሱን የሚጠራውም አሲንክ ይሁን፣ ያንን የሚጠራውም እንዲሁ፣ የሰውን ጥያቄ መጀመሪያ እስከሚቀበለው ክፍል፣ እስከ ኮንትሮለሩ ድረስ። መሃል ላይ አንድ ሰው ካቆመው ሁሉም ይቆማል። ጊዜ ካጣህ አንዱን መንገድ ሙሉ በሙሉ ወደ ተራው መልሰው። ያለ አሲንክ፣ በተራው ኩዌሪ። ይህ አያሳፍርም። ሙሉ በሙሉ ተራ የሆነ ኮድ ግማሽ አሲንክ ከሆነ ኮድ በጣም ይሻላል። አሲንክ አንዲትን ኩዌሪ በአንድ ሚሊ ሰከንድ እንኳ አያፈጥናትም። ስሬዱ ዝም ብሎ ከመቆም እንዲድን ብቻ ነው የሚያደርገው።

የዋጋውን ጉዳይ ግን አሲንክ አድርገህ ብቻ አትተወው። 30 ጊዜ መጠየቁን ራሱን አጥፋው። የመድኃኒቶቹን መለያ ቁጥሮች በሊስት ሰብስበህ በአንድ ኩዌሪ ጠይቅ። ኩዌሪው ውስጥ ኢን (ከእነዚህ አንዱ) ከሚለው ቃል ቀጥሎ የፓራሜትሩን ስም ብቻ ጻፍ፣ ቅንፍ አታድርግበት። ሊስቱን ዳፐር ራሱ ይዘረዝረዋል። ኤስኪውኤል ሰርቨር በአንድ ጥያቄ ከ2100 በላይ ፓራሜትር አይቀበልም፣ ያንተ ደረሰኝ ግን እዚያ አይደርስም። ይህን ስታደርግ ቁጥሮቹን በኮማ አገጣጥሜ ላስገባው እንዳትል። እንደገና እላለሁ፣ ከኩዌሪ ጽሑፍ ጋር ምንም ነገር አትቀጥል።

ኮኔክሽንን በተመለከተ አንድ ልማድ ያዝ። ዘግይተህ ክፈት፣ ቶሎ ዝጋ። አንድ ኩዌሪ ብቻ ከሆነማ ባትከፍተውም ይሆናል። ዝግ ኮኔክሽን ብትሰጠው ዳፐር ራሱ ከፍቶ፣ ጠይቆ፣ ራሱ ይዘጋል። ዳፐር በ2011 የስታክ ኦቨርፍሎው ባለሙያዎች ለገዛ ሥራቸው የሠሩት ቀላል መሣሪያ ነው። ቀላል የሆነውም ኮኔክሽኑን ለአንተ ትቶ ነው። ከሌሎቹ ከባድ መሣሪያዎች ለምደህ እሱ ያስተዳድርልኛል ካልክ ትወድቃለህ።

ሪፖርት የሚያወጣው ክፍል ላይ የባሰ ነገር ሊኖር ይችላል፣ ኮዱን ስላላየሁት ነው። ዩዚንግ (ሲያልቅ የተከፈተውን ራሱ የሚዘጋ የኮድ ክፍል) ውስጥ ኮኔክሽን ተከፍቶ ኩዌሪአሲንክ ያለ አዌይት ሪተርን ሲደረግ ፈልግ። አዌይቷን ቆጥቤ ፈጣን አደረግኩ የሚል ሰው አለ። ዩዚንጉ ግን ሜተዱ እንዳለቀ ኮኔክሽኑን ይዘጋዋል፣ ኩዌሪው ገና መንገድ ላይ ነው። አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ኮኔክሽኑ ተዘግቷል ይልሃል። ዩዚንግ ካለ አዌይት የግድ ነው።

ሌላ ፈተና ይመጣብሃል። አሲንክ እንደገባህ ሦስት ኩዌሪ ባንዴ ላስኬድ ትላለህ፣ በታስክ ዌንኦል። በአንድ ኮኔክሽን ላይ እንዳታደርገው። ያልተዘጋ ሪደር (የኩዌሪ መልስ አንባቢ) አለ ብሎ ይጮህብሃል። ያን ጊዜ አንዱ «ማርስ የምትባለውን (በአንድ ኮኔክሽን ላይ ከአንድ በላይ ክፍት መልስ የምትፈቅደውን) ኮኔክሽን ስትሪንጉ ላይ አብራት» ይልሃል። አታብራ። ኤረሩ ይጠፋል፣ ኮኔክሽኑ ግን ለሁለት ስሬድ ባንዴ የተሠራ ዕቃ አይደለም። የግድ ባንዴ መሄድ ካለባቸው ለየራሳቸው ኮኔክሽን ስጣቸው። ካልሆነ በተራ በተራ አዌይት አድርግ። ለሽያጭ ምዝገባ በተራ መሄዱ በቂ ነው።

ሽያጩ ስቶክ ስለሚቀንስ ትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም ይጸናል ወይ ሁሉም ይሰረዛል የሚባል ጥቅል) ውስጥ ነው ብዬ እገምታለሁ። ከኮኔክሽኑ ላይ የጀመርከውን ትራንዛክሽን ለእያንዳንዱ የዳፐር ጥሪ ማቀበል አትርሳ። ትራንዛክሽን ስኮፕ የምትጠቀም ከሆነ የአሲንክ ፍሎው ምርጫውን አብራው። ሳታበራው አዌይት ካደረግህ ስኮፑ ስሬድ ሲቀይር ይበላሻል።

አሁን ወደ እናንተ ወደ ሐረር ልጆች። ገጹ ሲዘገይባችሁ ሪፍሬሽ ትጫናላችሁ፣ አይደል? እያንዳንዷ ሪፍሬሽ አዲስ ጥያቄ ነች። አሮጌው ጥያቄ ግን ሰርቨሩ ላይ አልሞተም፣ ማንም ለማያነበው መልስ ቁልፍ ይዞ ቆሟል። 4 ሰዓት ላይ የምታባብሱት እናንተም ናችሁ። መፍትሔው ካንስሌሽን ቶክን ነው፣ ጥያቄው መተዉን ለኮዱ የሚናገር ምልክት። ኮንትሮለሩ ላይ ተቀበለው፣ ኮማንድ ዴፊኒሽን ውስጥ አድርገህ ለዳፐር ስጠው። ሰውየው ገጹን ሲተው ኩዌሪውም ይቆማል። ለፍለጋና ለሪፖርት ብቻ አድርገው። የሽያጭ ምዝገባ በሰው ሪፍሬሽ መሃል ላይ እንዲቋረጥ አልመክርህም።

አንድ ነገር ደግሞ በእግረ መንገድ። የባች ቁጥር የሚፈለግበት ኩዌሪ ቀርፋፋ ነው ብለሃል። ኮለሙ ቫርቻር (ዩኒኮድ ያልሆነ የጽሑፍ ዓይነት) ከሆነ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ዳፐር ስትሪንግን (ጽሑፍን) የሚልከው እንደ ኤንቫርቻር፣ እንደ ዩኒኮዱ ዓይነት ነው። ዓይነቱ ስለማይገጥም ሰርቨሩ ኮለሙን እየቀየረ ማወዳደር ይጀምራል፣ ብዙ ጊዜም ኢንዴክሱን ትቶ ቴብሉን በሙሉ ያስሳል። ዲቢስትሪንግ የሚባለውን ተጠቀም፣ ኢዝአንሲ የሚለውን ትሩ አድርገው፣ ርዝመቱንም ስጠው። ልዩነቱን ወዲያው ታየዋለህ።

ሁሉንም ስትጨርስ የፑሉን ልክ ወደ 100 መልሰው። እኔ ብሆን ለመጀመሪያው ሳምንት 50 አደርገዋለሁ፣ የቀረ ጥፋት ካለ ቶሎ ራሱን እንዲያሳይ። ታስክ ራኖቹን አውጣ። ዶትኔት ኮር 3.1 ደግሞ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2022 ድጋፉ አብቅቷል፣ የደኅንነት ማስተካከያ አይመጣለትም። አዲስ ሰርቨር ሊገዙ ያሰቡትን ገንዘብ ለዚህ ጊዜ ይስጡህ። ከ6 ጀምሮ ያሉት ቨርዥኖች የታሰረ ስሬድ ሲያዩ ቶሎ ይጨምራሉ። ግን ሪዛልቶቹን ሳታወጣ ቨርዥን ብቻ ከቀየርክ ቁልፍ ካስቀረጸው ሰውዬ አትለይም።

ለውጡን በሥራ ሰዓት አታስገባ። ባክአፕ ያዝ፣ ማታ ዝጋና አስገባ። በማግስቱ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ስሬዱን እያየህ ተቀመጥ። ቁጥሩ ከፍ ዝቅ እያለ ትንሽ ላይ ከረጋ ጨርሰሃል።

ከዚያ የደንበኛ መፈለጊያውን ክፈት። ሰኣዳ ብለህ በላቲን ጻፍ፣ በኦሮምኛው አጻጻፍ፣ መሃሏ ላይ ጭረቷን (') አድርገህ። ሐረር ውስጥ ስንት ሰኣዳ እንዳለች አንተ ታውቃለህ። ጽሑፍ የተቀጠለበት ኩዌሪ ያቺን ጭረት ሲያገኝ የጽሑፉ መጨረሻ ይመስለዋል፣ ተደነባብሮ የሲንታክስ ኤረር ያወጣል። ካሸሮቻችሁ ይህን አይተው ስሟን ያለ ጭረት መጻፍ ለምደው ይሆናል፣ ጠይቃቸው። ያ ኤረር ማለት በሩ ክፍት ነው ማለት ነው። ዛሬ በስም የተደናገጠ ሰርቨር ነገ በትእዛዝ ይታዘዛል። በፓራሜትር ቀይረህ እንደገና ሰኣዳን ፈልጋት። ካርዷ ሲወጣልህ ቀጣዩን ሳጥን ሞክር፣ የመድኃኒት ስሙን፣ የስልክ ቁጥሩን፣ የሪፖርቱን ማጣሪያ፣ አንድም ሳታስቀር።